ንብ ጌታዋን አትገድልም

የካቲት 9

ለማስነጠስ ሐኪሙ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ንቦቹም ደህና ናቸው፤ ስለ እነሱ አለመጠየቅህን ግን ታዝቤአለሁ።

ለምን ወደቅሽ ላልከው መልሱ ፀሐይ ነው። ቁርስ ሳልቀምስ ቀፎ ስከፍት አረፈድኩ፤ የንብ ልብሱም እንደምታውቀው ያፍናል። አይ፣ አንተ እንኳ አታውቀውም። አንዷ ጓንቴ በተቀደደበት በኩል ገብታ ነደፈችኝ። እንደ ወትሮዬ እሾኋን በጥፍሬ ፍቄ ጣልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ዞረብኝና ተቀመጥኩ። መቀመጥ መውደቅ አይደለም። ባለቤቴ "ወደቀች" ብሎ ደውሎልህ ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው መሆኑን አትርሳ፤ የቆመ ነገር ሁሉ ለእሱ አደጋ የደረሰበት ነው።

"አለርጂ ነው" ማለትህ ግን አሳቀኝ። እኔ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ንብ ስትነድፈኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንተ የምታክማቸው ድመት ሲያዩ ዓይናቸው የሚያለቅስ፣ ትራሳቸውን አቧራ ነካው ብለው ሳምንት ሙሉ የሚያስነጥሱ ሰዎች ናቸው። እዚህ ለእንደዚያ ያለ በሽታ ጊዜ ያለው ሰው የለም። አጎታችንም ሲሰሙ፣ ከንብ አናቢዎች ማኅበሩ ወንበር ላይ ሆነው፣ "ንብ ጌታዋን አትገድልም" አሉ። ሊቀመንበሩ ሲናገሩ ንብ አናቢው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ነቀነቅሁ።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ ስትሰድበኝ ድምፅህ ይቆራረጣል። ስድብ የሚጥመው ሙሉውን ሲደርስ ነው። ጻፍ፤ የባለቤቴ የድሮ ጓደኞች በአውቶቡስ ያመላልሱልናል።

እህትህ


የካቲት 21

እትዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ንቦቹን ሰላም በይልኝ።

መቀመጥ መውደቅ አይደለም ብለሻል። ልክ ነሽ፤ ባለቤትሽ እንደ ነገረኝ ግን የተቀመጥሽው በግንባርሽ ነው። ሰውነትሽ ሽፍ ብሎ፣ ከንፈርሽ አብጦ፣ ድምፅሽ ጎርንኖ፣ ልብስሽ ላይ አስታውከሽ ነበር። ፀሐይ ከንፈር የሚያሳብጥበት አገር ካለ ንገሪኝና ሄጄ ላጥናው።

ሠላሳ ዓመት መነደፍ ዋስትና አይሆንም። ሰውነት ለዘመናት ችሎ የኖረውን መርዝ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ጠላት ነው ይላል። ከዚያ በኋላ አንዲት ንብ በነደፈች ቁጥር አገር የተወረረበት ይመስል ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፤ በመጨረሻ የሚያፍነው ግን የራሱን ባለቤት ነው። ይሄ የጥጋብ በሽታ አይደለም። የሚቀጥለው ከዚህኛው ሊብስ ይችላል፤ ሐኪም ቤት እስክትደርሺም ላይጠብቅሽ ይችላል።

ሁለት የአድሬናሊን መርፌ ልኬልሻለሁ። ወፍራም እስክሪብቶ ይመስላሉ። የሚሰኩት ጭን ላይ ነው፣ በሱሪ ላይም ቢሆን። ባለቤትሽን አስተምሪው። ከዚያ ወደዚህ ነይ። የንብን መርዝ በየቅንጣቱ ነጣጥሎ፣ ሰውነትሽ የተጣላው ከንብ ይሁን ከተርብ የሚለይ የደም ምርመራ አለን፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህ አልነበረም። ሕክምናም አለ። የንቧን መርዝ ራሱን በትንሽ በትንሹ እየወጋን፣ መጠኑን ቀስ እያልን እየጨመርን፣ ሰውነትሽን ከመርዙ ጋር እናስታርቀዋለን። አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያው ቀፎዎቹን ሽጪ።

አጎታችንን በተመለከተ፣ ስለ ሕክምና የሚያውቁትን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ጨርሰዋል።

ወንድምሽ


መጋቢት 5

ለአስታራቂው ወንድሜ፤

እስክሪብቶዎችህ ደርሰዋል። ባለቤቴ በደረት ኪሱ ሰክቷቸው እንደ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይንጎራደዳል። ጠዋት ጠዋት ትራስ ላይ ይለማመዳል፤ ትራሱ እስካሁን በሕይወት አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ ከንብ ሊያስጥለኝ በየቀፎው ሥር ይከተለኛል። እሱ ከሚከተለኝ ንብ ብትከተለኝ ይሻለኛል፤ እሷ ቢያንስ ሥራ አላት።

ሕክምናህን ሁለቴ አነበብኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። ከተማ ገብተህ አሥራ ሦስት ዓመት ተምረህ የደረስክበት፣ ንብ የነደፈችውን ሰው በንብ መርዝ መውጋት ነው? ይህንን ንቦቼ በነፃ ይሠሩታል። ቀጠሮም አያስይዙ፣ ነጭ ካፖርትም አይለብሱ። እሾህን በእሾህ የሚለውን ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል ትላለህ። አምስት ዓመት የሚወስድ ነገር ሕክምና አይባልም፣ ትዳር ነው የሚባለው።

ቀፎዎቹን ሽጪ ላልከው፣ አልሸጥም። ባለቤቴም ሽጪ ብሎኝ ነበር፤ ለሦስት ቀን አላናገርኩትም፣ አንተ ሩቅ ስለሆንክ ተርፈሃል። አባዬ የሞተው በእነዚህ ቀፎዎች መሃል ነው። ልቡ ቀጥ አለ፣ አለቀ። ሳይሰቃይ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ ሥራው ላይ እንዳለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ሞት አልመኝም።

እህትህ


መጋቢት 17

እትዬ፤

ንቦችሽ በነፃ ይሠሩታል ላልሽው፣ ልዩነቱን ላስረዳሽ፤ ይገባሻል ብዬ ሳይሆን ጽፌ እንደ ነበር እንዲታወቅልኝ። ንብሽ መርዟን የምትሰጥሽ ባሰኛት ቀን፣ ባሰኛት ቦታ፣ ሙሉውን ነው። እኛ የምንጀምረው ከዚያ እጅግ ካነሰ ጠብታ ነው፤ ሐኪም አጠገብሽ ቆሞ፣ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ። ከጊዜ በኋላ የሁለት ንብ ያህል መርዝ በአንድ መርፌ እንወጋሽና ጋዜጣሽን እያነበብሽ ትቀመጫለሽ።

ሐኪም መናቅ ካማረሽ የሚናቅ አላጣልሽም። ድሮ እኛን የቀደሙት ሙሉውን ንብ ከነክንፉና ከነሆድ ዕቃው ፈጭተው ይወጉ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት። በኋላ ነገሩ በወጉ ሲፈተን፣ የተፈጨ ንብ የተወጋው ሰው ባዶ ውሃ ከተወጋው አልተሻለም። ንጹሑ መርዝ ብቻውን የተሰጣቸው ግን ከጥቂቶች በቀር ቢነደፉም ምንም አልሆኑም። እነዚያን ሐኪሞች እንደ ልብሽ ሳቂባቸው። እነሱ ግን ሲሳሳቱ ተመልሰው ፈተኑት፤ የእናንተ ማኅበር ተሳስቶ ተመልሶ የፈተነው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ስለ አባዬ ልብ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 28

ወንድሜ፤

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። 

ንብ ዳግመኛ ስትነድፈኝ የሆነውን ባለቤቴ ነግሮሃል፤ አልደግመውም። እሱ የማያውቀውን ብቻ ልጨምርልህ፤ ከመውደቄ በፊት አንድ ነገር መጥቶብኝ ነበር፣ ልሞት እንደሆነ በግልጽ ማወቅ። ፍርሃት አይደለም፤ አንድ ሰው ጆሮህ ላይ ቆሞ የሚነግርህ ዓይነት ነው። ይሄንን የሚያውቅ በሽተኛ ካለህ ጻፍልኝ።

ባለቤቴ በሱሪዬ ላይ አንዱን መርፌ ሰካው፣ መኪና ስንጠብቅ ደግሞ ሁለተኛውን። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ስለ አህያ ባል የጻፍኩትን ቅደደው። ለእሱ አልነገርኩትም፣ አንተም አትንገረው፤ ከአሁኑ አረማመዱ ተለውጧል።

አጎታችን ጤና ጣቢያ ድረስ መጥተው ነበር። ለእኔ አይደለም፤ አልጋዬን አልፈው ነርሷን ነው ያናገሯት። "ልቧ ነው። በቤተሰባችን አለ። ወንድሜም በዚሁ ነው የሞተው፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ" አሏት። ነርሷ እንደዚህ ያበጠ ልብ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ከንፈሬ አብጦ ባይሆን እስቅ ነበር።

ስለ አባዬ ልብ ሌላ ጊዜ ያልከው ጊዜ ደርሷል። ጻፍ።

እህትህ


ግንቦት 6

እትዬ፤

እንኳን ተረፍሽ። ያንን ስሜት ብዙ በሽተኞች ነግረውኛል፤ በመጻሕፍታችንም ከምልክቶቹ አንዱ ተብሎ ተጽፏል።

አባዬ የሞተ ዕለት አንቺ ማር ይዘሽ ገበያ ወርደሽ ነበር። ጭሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አንዲት ንብ አንገቱ ላይ ነደፈችው። "ምንም አይደል" ብሎ ፍቆ ጣላት። ቀፎውን ሳይከድን መዳፉን ያክ ጀመር፣ ከዚያ ሆዱን፣ ከዚያ ራሱን። ፊቱ ዓይኔ እያየ አበጠ። አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ምላሱ እሺ አላለውም፤ ትንፋሹ ያፏጭ ነበር። አጎታችንን ጠርቼ ስመለስ በጎኑ ተኝቷል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

"ንብ ናት" አልኩ። አጎታችን ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ፊቱን በጨርቅ ሸፈኑትና ወደ እኔ ዞረው፣ "ልቡ ነው። ንብ አናቢውን ንብ ገደለችው ከተባለ ማራችንን ማን ይገዛዋል?" አሉኝ። ስደግመው በጥፊ መቱኝ። አንቺ ስትደርሺ የተሸፈነ ሬሳና ያለቀ ወሬ ነው ያገኘሽው። ሳምንቱ ሳይሞላ የአባዬን የንብ ልብስ እጅጌውን አሳጥረው አለበሱሽ።

ለምን አልነገርከኝም እንዳትይኝ። በማግስቱ ነግሬሽ ነበር። "አንተ ምን ታውቃለህ፣ ልጅ ነህ" አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፣ አላውቅም ነበር። ለማወቅ ብዬ ነው ወደዚህ የመጣሁት። የማስነጠስ ሐኪም የሆንኩት ለዚህ ነው።

ወንድምሽ


ግንቦት 13

ወንድሜ፤

ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቁም።

እህትህ


ጥቅምት 11

ለወንድሜ፤

እንደምን አለህ? ቤትህ እንዴት ነው? ማቀዝቀዣህ ውስጥ ከአንድ ሎሚና ከመድኃኒት ብልቃጥ ሌላ ነገር ገብቶበታል? ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሐኪም እንደ ተማሪ ቆሞ ሲበላ ማየት ከመርፌው በላይ አሞኛል።

ክንድሽ እንዴት ነው ላልከው፣ ከተወጋሁ በኋላ ሁለት ቀን ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ከዚያ ይተወዋል። አሁን በየወሩ ሆኗል። አንተ ያስተማርከው ወጣት ሐኪም እዚህ የአውራጃው ሆስፒታል ይወጋኛል። ጎበዝ ነው፤ ሲፈራኝ ደግሞ ይበልጥ ጎበዝ ይሆናል። ከተወጋሁ በኋላ አግዳሚው ወንበር ላይ ሲያስቀምጠኝ አጠገቤ የሚቀመጡትን በሽተኞች አያለሁ። አንዷ ለልጇ ኦቾሎኒን በፍርፋሪ እየመጠኑ የሚያለማምዱላት ሴት ናት። ልጁ በልደት ቀን ከጓደኛው እጅ ብስኩት ተቀብሎ ሊሞትባት ነበር። አማቷ "ልጁን አሞላቅቀሽው ነው" ትላታለች አለችኝ። እንዲህ ያለች አማት መናቅ እንደሚገባት ነገርኳትና እንዴት አድርጋ እንደምትንቃትም አሳየኋት። በዚህ ሥራ ላይ ከአንተ ይልቅ እኔ ልምድ አለኝ።

የአባዬን ነገር ማወቅሽን ለአጎታችን ነገርሻቸው ወይ ላልከው፣ ገና ነው። በየሳምንቱ እየመጡ ቀፎው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃሉ፤ "ንቦቹ የቤተሰብ አደራ ናቸው" ብለው ይመክሩኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አንገቴን የምደፋው ፊቴን እንዳያዩት ነው።

እህትህ


ሰኔ 2

እትዬ፤

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የምጽፈው። ሐኪም በሽተኛውን ፈተና ላይ ጥሎ ከክፍል አይወጣም።

የሕክምናውን ውጤት በሕያው ንብ ለመፈተን ስትመጪ፣ የሆስፒታሉን ንብ አልፈልግም ብለሽ የራስሽን በክብሪት ቀፎ ይዘሽ መጣሽ። "የማላውቃት ንብ አትነድፈኝም" ብለሽ ነርሷን አሳቅሻት። ይህን ፈተና ለብዙ ሰው ሠርቻለሁ፤ እጄ ተሳስቶ አያውቅም። ብርጭቆው ክንድሽ ላይ ተደፍቶ ንቧ ሆዷን ቆልምማ ስትወጋሽ ግን አንገትሽን አየሁ። የአባዬ አንገት ነው ያለሽ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ኮሪደሩን ነው፤ ግድግዳ ይዤ ቆሜ ነበር። ባልደረባዬ ባትተካኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ቆይቼ ስመለስ ክንድሽ ላይ ከሳንቲም የማትበልጥ እብጠት ነበረች። አንቺም ንቧን በጣትሽ ይዘሽ፣ "ከሁላችሁም የተጎዳችው እሷ ናት" ብለሽ እያዘንሽላት ነበር።

አሁን ጀግና ሆኛለሁ ብለሽ ጓንት እንዳትጥይ። መርፌው ይቀጥላል፤ እስክሪብቶዎቹም ከባለቤትሽ ኪስ አይውጡ። ወደ መናኸሪያው ስሸኝሽ የማኅበሩ ስብሰባ ደርሷል ብለሽኝ ነበር። ምን አሰብሽ?

ወንድምሽ


ሰኔ 27

ለሐኪሙ ወንድሜ፤

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ከአንተ ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ዕቃ ስለሆነ በጥንቃቄ አስቀምጬዋለሁ። ግድግዳ ይዘህ መቆምህን ግን ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ በጣም ነው የወደደህ።

ስብሰባው እንዲህ ሆነ። አዳራሹ ሞልቷል፤ አጎታችን መድረኩ ላይ ናቸው። "ሌላ ጉዳይ ያለው" ሲሉ ተነሣሁ። "አባቴን የገደለው ልቡ አይደለም፣ ንብ ናት። እኔንም ሁለት ጊዜ ለትንሽ ነው የሳተችኝ። ስትነደፉ ሰውነታችሁ ሽፍ የሚል፣ ከንፈራችሁ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ካላችሁ አትደብቁ፤ መድኃኒት አለው" አልኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ መርፌ የምወጋበትን ክንዴን አሳየኋቸው።

አጎታችን ውሃ ጠጡና፣ "እንግዲህ ወንድሟ ከተማ ተቀምጦ መርፌ ሊነግድብን ነው። የማራችንን ስም በገዛ አፍሽ ነው የምታጠፊው?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እነሱ ሲስቁ እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ የሳቁን ፊት ከመድረኩ ትይዩ ቆሜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ንቦቹ ከእነዚህ ሰዎች በስንት ጣዕማቸው። እነሱ እኮ አውራቸው የማትረባ ስትሆን ሌላ አሳድገው ይተኳታል።

በማግስቱ ጠዋት የማር ሱቃችንን ገና ሳልከፍት አጎታችን በር ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለቤቴን "እስቲ ለአፍታ ውጣልን" አሉት። ከዚያ በዝግታ፣ "ያ መርፌ ለሽማግሌም ይሆናል?" አሉኝ።

ቀስ በቀስ አወጡት። አባዬ በሞተ በዓመቱ አንዲት ንብ ከጆሯቸው ሥር ነድፋቸው ጉሮሯቸው ተዘጋ። ሣር ላይ ወድቀው ነው የነቁት። ለማንም አልተነፈሱም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀፎ ከፍተው አያውቁም፤ እኛ ሹመቱ ያኮራቸው መስሎን ነበር። ባለፈው ወር በቢሮው መስኮት አንዲት ንብ ገብታ ጸሐፊዋ እስክታስወጣት ድረስ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው ነበር።

"እና እኔን?" አልኳቸው። "እያወቁ በየቀኑ ወደ ቀፎ ሲልኩኝ?"

"አንቺን እኮ ንቦቹ ይወዱሻል ብዬ ነው" አሉ።

ወንድሜ፣ ብዙ ስድብ አውቃለሁ፤ ከአባዬም ከአንተም የተማርኩት ሞልቶኛል። ለዚህ የሚሆን ግን አላገኘሁም። ዞር ብዬ የማር ጣሳዎቹን ደረደርኩ፤ የተደረደሩ ነበሩ። ከዚያ "አንተ" አልኩት። "ተቀመጥ" አልኩት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ሰኞ ባለቤቴ ይዞት ይመጣል፤ መርፌዎቹም ደረት ኪሱ ውስጥ ናቸው። የደም ግፊት ክኒን እንደሚወስድ ነግሮኛል፤ ለመድኃኒቱ ችግር ከሆነ ቀድመህ እይለት። የምታውቀውን ሁሉ አድርግለት፣ የነፈግከው ነገር እንዳይኖር። እንዲድን እፈልጋለሁ፤ ረጅም ዕድሜ እንዲኖርም እፈልጋለሁ።

ደግሞ ሐኪም ነህና አንተ "አንቱ" በለው። ማዋረዱን ለእኔ ተውልኝ።

እህትህ